የመስታወት የኤሌክትሪክ ምድጃ ለጣት አልታዘዝ ሲል

በመስታወት የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቁልፉ አልሠራ ሲል፣ ወይም ማንም ሳይነካው እየበራና እየጠፋ ሲጮህ፣ ብዙ ሰው «ካርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድም መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ የካርዱ ዋጋ ደግሞ አንዳንዴ ከአዲስ ምድጃ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ይሁን እንጂ የንክኪ ችግር ከካርዱ በፊት ሊፈለግባቸው የሚገቡ ቦታዎች አሉት፤ እነሱም ከመስታወቱ በላይ ያለው ነገርና ወደ ምድጃው የሚገባው ኤሌክትሪክ ናቸው። ሁለቱም ያለ ምንም ወጪ ሊመረመሩ ስለሚችሉ ፍለጋው ከውጭ ተጀምሮ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት፤ ካቻቢቴ የሚነሣው በመጨረሻ ነው።

አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ፍለጋውን ያቀለዋል። ከመስታወቱ ሥር፣ በእያንዳንዱ የንክኪ ምልክት አንጻር፣ አንድ ትንሽ የመዳብ ሰሌዳ ወይም ጫፉ መስታወቱን የሚነካ የብረት ስፕሪንግ አለ። መቆጣጠሪያው ይህን ክፍል በሰከንድ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቻርጅ እየሞላ የሚይዘውን መጠን ይለካል። 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው መስታወት ላይ ጣት ሲያርፍ፣ የሰው አካል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ በመሆኑ የሚያዘው ቻርጅ በጣም በጥቂቱ ይጨምራል፤ መቆጣጠሪያው ቁልፉ እንደተነካ የሚያውቀው በዚህች ጭማሪ ብቻ ነው። ወደ ታች የሚወርድ ቁልፍ ስለሌለ በኃይል መደብደብ ትርጉም የለውም፤ የሚጠቅመው የጣትን ለስላሳ ክፍል በምልክቱ መሀል ላይ ሰፋ አድርጎ ማሳረፍ ነው። በጥፍር ጫፍ፣ በጓንት ወይም ፕላስተር በተለጠፈበት ጣት መንካት ግን ብዙ ጊዜ ምላሽ አያገኝም።

መቆጣጠሪያው ኃይል ባገኘ ቁጥር፣ ጣት በሌለበት ያለውን መጠን ለክቶ እንደ መነሻ ይይዛል፤ ከዚያም ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ቀስ ብሎ የሚመጣውን ለውጥ እየተከተለ መነሻውን ያስተካክላል። ከዚህ የተነሣ መብራት ሲመጣ በመቆጣጠሪያው ላይ እርጥብ ጨርቅ ወይም ድስት ከነበረ መነሻው የተሳሳተ ይሆናል፤ ጨርቁ ከተነሣ በኋላም ቁልፎቹ ለተወሰነ ጊዜ ሊደነዝዙ ይችላሉ። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር አዲስ ልኬት በሚደረግበት ቤት ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከማጥፋትዎ በፊት ምልክቱን ያስተውሉ

ምድጃውን ከኃይል ከመለየትዎ በፊት ማሳያው ላይ የሚታየውን ፊደልና ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከጠፋ በኋላ ሊሰረዝ ይችላልና። በብዙ ምድጃዎች ላይ «ኤች» የሚለው የላቲን ፊደል ብልሽትን አያመለክትም፤ ማብሰያው ክብ ገና ትኩስ ነው ማለት ነው። «ኤል» የሚለው ፊደል ወይም የቁልፍ ሥዕል ብዙውን ጊዜ መቆለፉን ይነግራል። «ኢ» ወይም «ኤፍ» ከቁጥር ጋር ሲመጣ በአብዛኛው የስሕተት ኮድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የሌላ ሞዴል ዝርዝር ተመልክቶ መወሰን ያሳስታል። በአንዳንዶቹ ላይ ያው «ኤፍ» ድስት አልተቀመጠም ወይም ድስቱ አይስማማም ማለት ብቻ ነው።

ከኮዱ ይልቅ ብዙ የሚናገረው የጥፋቱ ባሕርይ ነው። ማሳያው ሙሉ በሙሉ ጨለማ ከሆነ ነገሩ የንክኪ አይደለምና ወደ ብሬከሩ ይሂዱ። ማሳያው በርቶ አንድም ቁልፍ ካልታዘዘ፣ መቆለፍ፣ እርጥበት ወይም ከመጠን ያለፈ ሙቀት ይጠረጠራል። ሌሎቹ ሁሉ እየሠሩ አንድ ቁልፍ ብቻ ከደነዘዘ፣ በተለይም ይህ ለሳምንታት ሳይለዋወጥ ከቆየ፣ ችግሩ በዚያ ቁልፍ ሥር ያለው ስፕሪንግ ወይም በላዩ የረጋ ቅባት ነው። ቁልፎቹ በራሳቸው የሚበሩና የሚጠፉ ከሆነ ፈሳሽ፣ ቅባት ወይም የተዛባ ኤሌክትሪክ አለ። ጠዋት በትክክል ሠርቶ ምግቡ ግማሽ ሲደርስ የሚያምጽ ምድጃ ደግሞ የሚጠቁመው ወደ ሙቀትና እንፋሎት ነው።

ቁልፉ ታዞ፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ፣ ነገር ግን ምንም የማይሞቅ ከሆነ የንክኪውን ክፍል መጠርጠር ጊዜ ማባከን ነው። ምድጃው ኢንዳክሽን (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ) ከሆነ በቅድሚያ ድስቱን ይመርምሩ፤ ማግኔት ከሥሩ ካልያዘ፣ እንደ አብዛኛው የአሉሚኒየም ድስትና እንደ ሸክላ ጀበና፣ ምድጃው አያውቀውም። ከሱቅ ማሳያነት የተገዛ ዕቃ ደግሞ መብራቶቹ ሁሉ እየሠሩ ሙቀት በማይሰጥ የማሳያ ሁኔታ ላይ ተትቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ የሚወጣበት መንገድ በመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

መስታወቱ ላይ ያለው ነገር

የእኛን ወጥ ቤት ከሌላው የሚለየው ነገር እዚህ ላይ ይታያል። ሽሮ ሲንተከተክ የሚረጨው ጠብታ ውኃም ጨውም ዘይትም የያዘ ነው። ጨዋማ ፈሳሽ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ በሁለት ቁልፎች መካከል ሲዘረጋ መቆጣጠሪያው ሁለቱም አንድ ላይ እንደተነኩ አድርጎ ያነባቸዋል፤ አንዱን ክብ ለማጥፋት ሲነካ ሌላው የሚበራውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ዘይቱ ደግሞ ከተረጨበት ቀን በኋላ ይቆያል። በየቀኑ በላዩ እየተጨመረ በዓይን የማይታይ ስስ ንጣፍ ይሠራል፤ ንጣፉ አቧራና እርጥበት ስለሚይዝ ማለዳ ላይ ደህና የነበረው ሰሌዳ እንፋሎት ሲያገኘው ይበላሻል። የቁሌት ዘይትና የበርበሬ ብናኝ አንድ ላይ ሲሆኑ ይህን ንጣፍ በጣም ያጠነክሩታል።

ምድጃዎቹ ፈሳሽ ወይም ዕቃ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ ራሳቸውን እንዲያጠፉ የተሠሩ ናቸው፤ በብዙ አምራቾች መመሪያ ላይ ጊዜው 10 ሰከንድ ያህል ነው። ወጥ ገንፍሎ መቆጣጠሪያው ላይ ሲፈስ ምድጃው ጮኾ ቢጠፋ ሥራውን በትክክል ሠራ ማለት ነው። የእንግዳ ቀን የሚወጣው ትልቁ ድስትም ከክቡ ተርፎ ቁልፎቹ ላይ ጥላውን ከጣለ ያው ይሆናል፤ እንዲያውም የብረት ድስት ቁልፉን ሳይነካ በመጠጋቱ ብቻ ሊያሳስተው ይችላል። ሞባይል ስልክ፣ ማንኪያ ወይም የተጣጠፈ ፎጣ በዚያ ቦታ የማስቀመጥ ልማድም መተው አለበት።

ለማጽዳት ምድጃውን በብሬከሩ አጥፍተው መስታወቱ እስኪበርድ ይጠብቁ። ለስላሳ ጨርቅ በለብታ ውኃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነክረው በደንብ ይጭመቁና መቆጣጠሪያውን ይጥረጉ፤ ፈሳሹን በቀጥታ በመስታወቱ ላይ ማፍሰስ ወይም መርጨት ግን በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ እንዲገባ መንገድ ይከፍትለታል። ሳሙናው ራሱ ንጣፍ ትቶ ስለሚያልፍ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ደግመው ይጥረጉት። ነጭ የውኃ እድፍ ካለ በእኩል ውኃ የተበረዘ አቼቶ ያስለቅቀዋል። አቼቶና በረኪና በምንም ሁኔታ አንድ ላይ መዋል የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የረጋውን ቅባት በመስታወት መፋቂያ ምላጭ አጋድሞ ማንሣት የሚፈቀደው በማብሰያው ክብ ላይ ነው፤ ምልክቶቹ በታተሙበት ቦታ ምላጭም ሆነ የሽቦ መፋቂያ አይነካም። በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉትና እርጥበቱ እስኪለቅ ጥቂት ይተዉት። የራስዎ እጅም ደረቅ መሆን አለበት።

አዲስ ምድጃ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካው መከላከያ ላስቲክ ሙሉ በሙሉ መነሣቱን ያረጋግጡ። ጌጥ ወይም መከላከያ ተብሎ የሚለጠፍ ማንኛውም ነገር በቁልፎቹ ላይ እንዲቆይ አይመከርም።

አንዳንድ ምድጃዎች ቻርጅ በመለካት ፈንታ ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ብርቱ የፀሐይ ጨረር ወይም ከላይ የተሰቀለ ኃይለኛ አምፖል ቁልፉን ሊያሳውር ይችላልና፣ ጥፋቱ በቀኑ የተወሰነ ሰዓት ላይ ብቻ የሚከሠት ከሆነ መጋረጃውን ጋርዶ ወይም አምፖሉን አጥፍቶ መሞከር ተገቢ ነው።

የተቆለፈ ምድጃ

የሕፃናት መቆለፊያ ሳይታወቅ ሥራ ላይ መዋሉ ብዙ ሰው ያንከራትታል፤ መስታወቱን ሲያጸዱ ጨርቁ ቁልፉ ላይ ጥቂት ሰከንድ መቆየቱ ብቻ ይበቃል። ብዙውን ጊዜ የቁልፍ ሥዕል ያለበትን ምልክት 3 ሰከንድ ያህል ሳይለቁ በመያዝ ይፈታል፤ በሌሎች ደግሞ ሁለት ምልክቶች በአንድ ጊዜ ይያዛሉ። መብራት ሄዶ ቢመጣም መቆለፊያው ሳይፈታ የሚቆይባቸው ሞዴሎች ስላሉ፣ ብሬከር አጥፍቶ ማብራት ብቻውን ላይፈታው ይችላል። በእስራኤልና በአሜሪካ በሚሸጡ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ለአይሁድ ሰንበት የተዘጋጀ ሁኔታ አለ፤ እሱ ሲበራ የቁልፎቹ ምላሽና ድምፅ ሆን ተብሎ ስለሚቀየር ምድጃው የተበላሸ ይመስላል።

አጥፍቶ ማብራት፣ ግን በሥርዓቱ

ጽዳቱና መቆለፊያው መልስ ካልሰጡ መቆጣጠሪያው መነሻውን እንደ አዲስ እንዲለካ ማድረግ ይገባል። በምድጃው ላይ ያለው ማጥፊያ ለዚህ አይበቃም፤ ማሳያው ቢጠፋም መቆጣጠሪያው ኃይል እያገኘ ነው። ብሬከሩን ያውርዱ፣ ወይም በሶኬት የሚሠራ ከሆነ ይንቀሉት፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያከማቹ ክፍሎች) እንዲያራግፉ 10 ደቂቃ ያህል ይተዉት። መስታወቱ ደርቆና በላዩ ምንም ሳይኖር መልሰው ያብሩትና ግማሽ ደቂቃ ያህል እጅዎን አያቅርቡ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በቸልታ የሚታለፍ ነው፤ ገና ሲበራ በትዕግሥት ማጣት የሚነካ ጣት ራሱ እንደ መነሻ ተለክቶ ይያዛል።

ከዚህ በኋላ ችግሩ ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ የሚመለስ ከሆነ፣ እየደጋገሙ ማጥፋትና ማብራት መፍትሔ አይሆንም። መነሻውን በየጊዜው የሚያዛባ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከኤሌክትሪኩ ወይም ከሙቀቱ ይመጣል።

ወደ ምድጃው የሚገባው ኤሌክትሪክ

የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ በስም 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሁሉም ጎረቤት እራት በሚያበስልበት ሰዓት ኃይሉ ሲወርድ መቆጣጠሪያው ደጋግሞ ሊነሣና ሊጠፋ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ምድጃው ራሱን በራሱ የሚነካ ይመስላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ጥፋቱ ምሽት ላይ ብቻ እየመጣ ሌሊትና ከሰዓት በኋላ የማይታይ ከሆነ፣ ባለሙያ በመልቲሜትር ኃይሉን በሁለቱም ሰዓት ይለካ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ በምድጃው ላይ ጭነት ማብዛት ነው። አንድ ክብ ብቻ በዝቅተኛ ደረጃ ሲሠራ ንክኪው ደህና ሆኖ፣ ሁለትና ሦስት ክቦች በከፍተኛ ደረጃ ሲበሩ የሚበላሽ ከሆነ፣ ገመዱ ቀጥኗል ወይም አንድ ማያያዣ ላልቷል። ባለ አራት ክብ ምድጃ በተለምዶ እስከ 7.2 ኪሎ ዋት ድረስ ይወስዳል፤ ይህ በ230 ቮልት ሲሰላ ከ31 አምፔር በላይ ነው። ስለዚህ የራሱ የሆነ 32 አምፔር ብሬከርና በአብዛኛው 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ያስፈልገዋል። ለሶኬት መስመር የተዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይህን አይሸከምም፤ በዚህ መስመር ላይ የተያያዘ ምድጃ በንክኪው ቢያስቸግር ዕድለኛ ነዎት፣ የባሰው ውጤት እሳት ነውና። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወይም የሞቀ ብሬከር ካለ ምንም ሳይሞክሩ ያጥፉትና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

የኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) መስመር አለመኖርም ከሰውነት አደጋው ሌላ ንክኪውን ያውካል። ቻርጅ የሚለካ መቆጣጠሪያ የተረጋጋ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል፤ ኧርዙ ከተቆረጠ ወይም ከመጀመሪያውም ካልተዘረጋ፣ ከሌሎች ዕቃዎችና ከምድጃው ከራሱ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ሁከት ልኬቱን ሊያዛባው ይችላል። የምድጃውን የብረት ጠርዝ ሲነኩ መንዘር ከተሰማዎት ኧርዙን እስኪያስመረምሩ አይጠቀሙበት። በጄኔሬተር ወይም ርካሽ ኢንቨርተር ሲሠራ ብቻ የሚያስቸግር ምድጃም ብዙውን ጊዜ የሚታወከው ንጹሕ ሞገድ በማይሰጠው ምንጭ ነው።

ሁለት የአያያዝ ስሕተቶች ካርድ ስለሚያቃጥሉ ለብቻቸው መነሣት አለባቸው። የአውሮፓ ምድጃዎች ከአንድ በላይ በሆነ ፌዝ (ኃይል ይዞ በሚመጣ ሽቦ) ሊያያዙ ይችላሉ፤ በዚህ አያያዝ የኒውትራሉ (የመመለሻው) ሽቦ ቢላላ ለ230 ቮልት የተሠራው ክፍል እስከ 400 ቮልት የሚጠጋ ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛው ከአሜሪካ ከዘመድ የሚላኩትን ይመለከታል። እነዚህ ለ240 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ሆነው፣ ባለ አራት ሽቦዎቹ ለኤሌክትሮኒክሱ የሚፈልጉትን 120 ቮልት ከአንዱ መስመርና ከኒውትራሉ መካከል ሊወስዱ ይችላሉ። እዚህ አገር ፌዙን ከአንዱ መስመር፣ ኒውትራሉን ደግሞ ከኒውትራል ማያያዣው ጋር ያገናኘ ሰው 120 ቮልት በሚጠብቀው ካርድ ላይ 220 ይልክበታል። እንዲህ ያለ ምድጃ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የኃይል ዓይነት ሳይነበብ መያያዝ የለበትም።

ሲሞቅ ብቻ የሚያምጽ

መቆጣጠሪያው የራሱን ሙቀት ይለካል፤ ሲበዛበትም ራሱን ለማዳን ቁልፎቹን ይዘጋል ወይም ክቦቹን ዝቅ ያደርጋል። ከሥሩ ኦቭን ካለ፣ በተለይ አየር መውጫው በመሳቢያ ዕቃ ወይም በካቢኔው ጀርባ ከተዘጋ፣ ሙቀቱ የሚያርፈው በትክክል በንክኪው ካርድ ላይ ነው። ኢንዳክሽን ምድጃ ማቀዝቀዣ ፋን ስላለው ድምፁን ያዳምጡ፤ ማብሰል ከተጀመረ በኋላ ፋኑ የማይሰማ ከሆነ ወይም የሚያንቋርር ከሆነ በአቧራና በቅባት ታንቆ ሊሆን ይችላል። በሬዲያንት (ከመስታወቱ ሥር በሚግል ሽቦ በሚያሞቅ) ምድጃ ላይ ግን ቀዩ ፍም በየጥቂት ሰከንዱ መጥፋቱና መመለሱ ጤናማ አሠራር ስለሆነ አያስጨንቅም። ምርመራው እንዲህ ነው፦ ኦቭኑን ሳይነኩ ላዩን ብቻ ለአንድ ሰዓት ይጠቀሙ፤ ካላመጸ ችግሩ የአየር መተላለፊያ ነው።

ከመስታወቱ በታች

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ተደርጎ አንድ ቁልፍ ወይም አንድ ረድፍ አሁንም ከደነዘዘ ምድጃው መከፈት አለበት። ዋስትናው ካላለቀ ግን አይክፈቱት። በኢንዳክሽን ምድጃ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ስለዚህ ይህ ክፍል ልኬት ለሚያውቅና ካፓሲተር ለሚያራግፍ ባለሙያ የሚተው ነው። ባለቤቱ የሚፈልገው ምን እንዲታይለት እንደሚጠይቅ ማወቅ ነው፤ ሳይመረምር ካርድ ይቀየር የሚልን ሰው ለመለየት ይረዳል።

መጀመሪያ የሚታየው የንክኪው ካርድ ከመስታወቱ ጋር በእኩል መጠጋቱ ነው። ምድጃው ከተጓጓዘ ወይም መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ አንድ ስፕሪንግ ተጣሞ ወይም የካርዱ መያዣ ተሰብሮ በመካከል አየር ሊገባ ይችላል፤ ከስፕሪንጉ በላይ የሚቀር አነስተኛ ክፍተት እንኳ ቁልፉን ያደነዝዘዋል። ቀጥሎ ከንክኪው ካርድ ወደ ዋናው ካርድ የሚሄደው ሪባን (ጠፍጣፋ) ገመድ ተነቅሎ መልሶ ይሰካል፤ ጫፉ ከጠቆረ ይጸዳል። ከዚያም ካርዱ ላይ የእርጥበት አሻራ፣ አረንጓዴ ዝገትና የበረሮ ቆሻሻ ይፈለጋል። በረሮ ሙቀት ስለሚወድ ምድጃ ውስጥ መግባቱ የታወቀ ነው፤ ኩሱና ሬሳው እርጥበት ሲያገኝ በቀጫጭን መስመሮች መካከል ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። እንዲህ ያለው ካርድ በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይድናል። ካርዱ በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ የሚታዘዘው በምድጃው ስም ሳይሆን ከሥሩ በተለጠፈው የሞዴልና የምርት ቁጥር ነው፤ ውጫዊ መልካቸው አንድ የሆኑ ሁለት ምድጃዎች የተለያየ ካርድ ሊኖራቸው ይችላል።

መስታወቱ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ በፀጉር ያህል ቢቀጥንም፣ ከዚህ በላይ ያለው ምርመራ ሁሉ ይቆማል። ፈሳሽ በስንጥቁ ገብቶ ኤሌክትሪክ ያለበትን ክፍል ሊነካና በዚያው መንገድ ወደ ሰው ሊመለስ ይችላል። ብሬከሩን ያውርዱ፤ መስታወቱ እስኪቀየር ድረስም አያብሩት። ሙጫ ወይም ሲሊኮን መቀባት ጥገና አይባልም።

ጥገናው ሲያልቅ ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ምድጃው በሦስት ሁኔታ ይሞከር። በመጀመሪያ በቀዝቃዛው እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ በአንድ ይነካ። ቀጥሎ ትልቅ ድስት ውኃ ያለ ክዳን ግማሽ ሰዓት ያህል እየፈላ፣ እንፋሎቱ ባለበት፣ ቁልፎቹ እንደገና ይነኩ። በመጨረሻም ሁሉም ክቦች በከፍተኛ ደረጃ በርተው፣ ኦቭን ካለም እሱ ጭምር እየሠራ፣ ማሳያው ሳይርገበገብ መቆየቱ ይታይ፤ በዚህ ጊዜ ብሬከሩን ዳብሰው መሞቁን ይፈትሹ።